የአየር ንብረት ለውጥ ወይስ የኒውክሌር ጦርነት? ለምትጠይቁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሱብኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የትኛው ነው የበለጠ የሚያሰጋው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ወይስ የኒውክሌር ጦርነት?» ትሉኛላችሁ። የአየር ትንበያ ባለሙያ ስለነበርኩ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ብዙም አይጥመኝም። አንዱን መርጦ ሌላውን ለመርሳት ያመቻል። ከተጠየቅኩ አይቀር ግን በሙያዬ ዓይን የሚታየኝን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

የትንበያ ሰው ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው፣ የማይመጣውን ጎርፍ «መጣ» ብሎ ሰው ማሸበር ነው። ሁለተኛው፣ የሚመጣውን ጎርፍ ተናግሮ ሰሚ ማጣት ነው። ሁለቱ ስጋቶች የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው። በኒውክሌሩ የሚያጠፋን የውሸት ማንቂያን ማመን ነው። በአየር ንብረቱ ደግሞ እውነተኛውን ማንቂያ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983፣ ከሞስኮ በስተደቡብ ባለ የምድር ውስጥ ጣቢያ፣ ሌተናል ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሌሊት ተረኛ ነበር። ሥራው ከአሜሪካ የተተኮሰ ሚሳኤል ካለ ለአለቆቹ ማሳወቅ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳይረኑ ጮኸ። ኮምፒውተሩ አንድ ሚሳኤል ተተኩሷል አለ። ቆየት ብሎ ሁለት፣ ሦስት እያለ አምስት አደረሰው። ጊዜውም ክፉ ነበር። ሶቪየት ኅብረት የኮሪያን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 269 ሰው ካለቀ ገና ወር አልሞላም። ሚሳኤል ከአህጉር ወደ አህጉር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለማሰብ የምትተርፈው ጊዜ እፍኝ አትሞላም።

ፔትሮቭ ግን ቆም አለ። ጦርነት የሚከፍት አገር በአምስት ሚሳኤል አይጀምርም ብሎ አሰበ። የሳተላይቱ ሥርዓት አዲስ ነው፣ ብዙም አያምነውም። የምድር ራዳሮች ምንም አላዩም። «የመሣሪያ ብልሽት ነው» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ልክ ነበር። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና አናት ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነው። ደመና! ዕድሜዬን ሙሉ ደመና ሳይ ለኖርኩት ለእኔ ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አትወጣም። ሰውየው በነገራችን ላይ ያኔ ከአለቆቹ ሽልማት አላገኘም። እንዲያውም የተረኝነት መዝገቡን በአግባቡ አልሞላህም ተብሎ ተወቀሰ።

እሱ ብቻ አይደለም። በ1962 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ በተተከሉ ሚሳኤሎች ሳቢያ በተፋጠጡበት የኩባ ቀውስ ጊዜ ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ የኒውክሌር ቶርፔዶ እንዳይተኩስ አሳምኗል። በ1995 ኖርዌይ የሰማዩን የሰሜን ብርሃን ለማጥናት የተኮሰችው ሮኬት ሩሲያን አስደንግጦ የፕሬዚዳንቷ የቦሪስ የልሲን የኒውክሌር ቦርሳ (የመተኮስ ትእዛዝ የሚተላለፍበት) ሥራ ጀምሮ ነበር። ኖርዌይ አስቀድማ ነግራለች፤ መልእክቱ ግን ራዳሩ ላይ ለተቀመጡት አልደረሰም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ግን ካፈሰሱ በኋላ ለቃሚም አይገኝ። ከተሞች ሲነዱ የሚወጣው ጥቀርሻ ዝናብ ከማያጥበው ከፍታ ይደርሳል። እዚያ ለዓመታት ፀሐይን ይጋርዳል፣ ሰብል ይከለክላል። በ2022 የወጣ ጥናት አሜሪካና ሩሲያ ሙሉ የኒውክሌር ጦርነት ቢገጥሙ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊያልቅ እንደሚችል ገምቷል። ቦምብ ያልወደቀባቸው አገሮች ሰዎችም አሉበት።

የአየር ንብረቱ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የመስታወት ቱቦዎች ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ከሌሎቹ የበለጠ ሞቀ፣ ለመቀዝቀዝም ዘገየ። አየሩ በዚህ ጋዝ ቢሞላ ምድር ትሞቃለች ብላ ጻፈች። ማንቂያው ያኔ ተደወለ። በ1958 ቻርለስ ኪሊንግ ሃዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315ቱ ይህ ጋዝ ነበር። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። በ1988 የናሳው የአየር ንብረት ሳይንቲስት ጄምስ ሃንሰን ለአሜሪካ ሴኔት ሙቀቱ ጀምሯል ሲል መሰከረ። ከዚያስ? ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሰው ልጅ በታሪኩ ካወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ የወጣው ከ1990 ወዲህ ነው። ከምስክርነቱ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እዚህ ቆም ብሎ የሚያድነን ፔትሮቭ የለም። መቆየቱ ራሱ ነው ጉዳቱ፤ የወጣው ጋዝ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ከፈለጋችሁ፦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉን ነገር ሊያበቃ የሚችለው ኒውክሌሩ ነው፤ ላይመጣም ይችላል። የአየር ንብረቱ ግን መጥቷል። ተስፋ እንዳትቆርጡ ደግሞ ይቺን ያዙ፦ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዓለም ላይ 70,000 ገደማ የኒውክሌር አረር ነበር፤ ዛሬ ወደ 12,000 ነው። የፀሐይ ኃይል ዋጋም ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ወርዷል። ሁለቱም በጸሎት ብቻ አልመጡም።

ሁለቱ ስጋቶች ተለያይተው የሚኖሩም አይምሰላችሁ። ህንድና ፓኪስታን ሁለቱም ቦምብ አላቸው። ሁለቱም የኢንደስን ውኃ ይጠጣሉ፤ ከውኃው ትልቁ ክፍል ደግሞ ከሚቀልጥ የተራራ በረዶ ይመጣል። በ1960 የተፈራረሙትን የውኃ ውል ህንድ በ2025 አግጃለሁ ብላለች። አየር ንብረት የሚያጠና ልጅ ይህን ካላነበበ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ኮምፒውተር የምትማሩትም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። በ2024 የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደንና የቻይናው ሺ ጂንፒንግ ኒውክሌርን የመጠቀም ውሳኔ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ሳይሆን በሰው እጅ እንዲቆይ ተስማምተዋል። ቃል ነው እንጂ ውል አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚሠሩት ደግሞ እንደ እናንተ ያሉ ልጆች ናቸው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ጎበዝ ወጣት ሳገኝ አብዛኛው ወደ አየር ንብረት ያዘነብላል፤ ደግ ነው። ወደ ትጥቅ ቁጥጥር የሚያዘነብል ግን እምብዛም አላይም። አሜሪካና ሩሲያ በ2010 የፈረሙት የኒውክሌር መሣሪያቸውን ብዛት የሚገድበው የመጨረሻው ውል በ2026 መጀመሪያ ጊዜው አልፎበታል። እንዲህ ያለውን ውል የሚጽፍና መፈጸሙን የሚያጣራ ሰው በአንድ ጀንበር አይገኝም። የሳተላይት ምስልንም የሕግ አንቀጽንም አብሮ ማንበብ አለበት። ሕግ ወይም ፊዚክስ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ስለዚህ ሙያ ጠያይቁ።