በክሊክ ልክፈል ወይስ በእይታ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ሱቅ ተከራይቼ መጋረጃ እሰፋለሁ። ደንበኞቼ አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው፤ እስካሁን የሚመጡት አንዱ ለአንዱ እየነገረ ነው። አሁን ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ላስወጣ አሰብኩ። ዶላር ካርድ ስለሌለኝ ቡስት የሚያደርግልኝ (ለፌስቡክ ከፍሎ ማስታወቂያውን የሚያስለቅቅልኝ) ልጅ አነጋገርኩ፤ ሁለት ዋጋ ሰጠኝ። አንድ ሰው ማስታወቂያውን ነክቶ ወደ ቴሌግራም ቻናሌ በገባ ቁጥር 6 ብር፣ ወይም 1000 ጊዜ በታየ ቁጥር 60 ብር። ባለቤቴ «ላልነካው ሰው ለምን እንከፍላለን?» ይላል። ልጁ «የእይታው ይሻልሻል» ይለኛል። ማንን ልስማ?
መ.፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ባለቤትሽን ስሚ። ምክንያቱ ግን እሱ ያለው አይደለም።

60ን ለ6 አካፍይው፤ 10 ይመጣል። ከ1000 እይታ 10 ሰው ከነካ በየትኛውም ብትከፍይ 60 ብር ነው። 4 ሰው ብቻ ከነካ በክሊክ 24 ብር ታወጫለሽ፣ በእይታ ያው 60። 25 ሰው ከነካ ደግሞ በክሊክ 150 ብር ይሆንና ባልሽ የጠላው የእይታ ዋጋ ይረክሳል። እንግዲህ ማስታወቂያው ሰው ካልሳበ ኪሳራው የማን ይሁን ነው ነገሩ። በእይታ ስትከፍይ ያንቺ ነው፤ በክሊክ ከሆነ የሻጩ። አንቺ ገና አንድም ማስታወቂያ አላወጣሽም፤ ከሺው ስንቱ እንደሚነካልሽ በምን ታውቂያለሽ?

ልጁንም አልፈርድበትም። ፌስቡክ አብዛኛውን ማስታወቂያ የሚያስከፍለው በእይታ ነው። ስለዚህ ለፌስቡክ በእይታ ከፍሎ ላንቺ በክሊክ ሲሸጥ የማይነካው ሰው ዕዳ እሱ ላይ ይወድቃል።

ሙግቱ የቆየ ነው። እኛ የጋዜጣ ማስታወቂያ በአምድና በሴንቲሜትር ስንሸጥ ማን አነበበው፣ ማን ገልጦ አለፈው ብሎ የሚጠይቀን አልነበረም። ደግ ዘመን ነበር፣ ለኛ። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ሳሙና ሻጩ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሁ (Yahoo) የተባለውን የኢንተርኔት ድርጅት «ለተነካው ነው የምከፍል» ብሎ ያዘው። ጉግልም በ2000 አድወርድስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎቱን ሲጀምር ሒሳቡ በሺህ እይታ ነበር፤ ወደ ክሊክ የዞረው በ2002 ነው። ባለቤትሽ ብቻውን አይደለም።

በክሊክ ጀምሪና ቁጥሩን ተከታተይ። 5000 ጊዜ ያህል ታይቶ የነካው ከ50 በደንብ ከበለጠ፣ ያን ጊዜ «የእይታውን አድርግልኝ» በይው። ያን ቀን ልጁ የክሊኩን ማመስገን ሊጀምር ይችላል።

ከመስማማትሽ በፊት ግን ምን እንደሚቆጠር ተነጋገሩ። ፌስቡክ ሁለት ዓይነት ቆጠራ ያሳያል። አንዱ ላይክ ያደረገውን፣ ፎቶውን ለማጉላት የነካውን፣ ቀሪውን ጽሑፍ የከፈተውን ሁሉ ይደምራል፤ ሌላው ሊንኩን የተጫነውን ብቻ። 6 ብርሽ ለሁለተኛው ይሁን። ከአድስ ማናጀር፣ ማለትም ፌስቡክ የማስታወቂያውን ቁጥር ከሚያሳይበት ገጽ፣ ስክሪንሹት ይላክልሽ፤ ካቅማማ ሌላ ቡስት አድራጊ አይጠፋም።

ስልክሽን ፎቶው ላይ በትልቁ ጻፊ። መጋረጃ የሚያሠራ ሰው መስኮቱን እያየ ይደውላል እንጂ ቻናል ውስጥ ሲዞር አይውልም። በክሊክ እየከፈልሽ ሳይነካ የደወለልሽ ሰው ምንም አላስወጣሽም። ይህ ግን ስክሪንሹቱ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የደወለውን ሁሉ «የት አዩን?» ብለሽ ደብተር ላይ አስፍሪ። የነካው ጥቂት፣ የደወለው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የሚያሰፋው ደግሞ የደወለው ነው።

ባለቤትሽም ልጁም ያላነሱት የቦታው ጉዳይ አለ፤ እኔ ከዋጋው ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ዝም ካልሽው ልጁ «አዲስ አበባ» ብሎ ይለቀዋል። የቡራዩ ሰው ነክቶ 6 ብር ይወስድብሻል፤ ቢያዝሽም ሜትርሽን ይዘሽ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠሽ መስኮት ልትለኪ ነው፣ በትራንስፖርት። ካርታው ላይ ሱቅሽን መሐል አድርጎ ዙሪያውን እንዲያጥርልሽ ንገሪው፤ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ይበቁሻል።