ጉልበቴን ያመኛል፣ ስካይ ላይ የቱን ልራመድ?

ጥያቄ፦ ልጄ ግላስጎው ትኖራለች። በሰኔ ስካይ የሚባል የስኮትላንድ ደሴት ልትወስደን ነው፤ ለሦስት ቀን። 19 ዓመት የሞላው ወንድሟ «ተራራ ካልወጣሁ» እያለ ነው። እኔ ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። የቱን መንገድ እንምረጥ?
እናት ነኝ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

መልስ፦ ከፍታው አያስጨንቅዎ። የስካይ ትልቁ ተራራ ስጉር አላስዴር 992 ሜትር ነው፤ ኮምቦልቻ እንኳ ትበልጠዋለች። ደሴ ላይ የለመደ ሳንባ እዚያ አይደክምም። ሰው የሚያስቸግረው ጭቃውና ጉሙ ነው።

ለእርስዎ ከደንቬገን ቤተ መንግሥት አለፍ ብሎ፣ ክሌገን ከሚባለው ቦታ የሚነሳውን የባሕር ዳር መንገድ እመርጣለሁ። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሜዳ። መጨረሻው ላይ ነጭ አሸዋ የሚመስል ዳርቻ አለ። ኮራል ይሉታል እንጂ ኮራል አይደለም። ዘገን አድርገው ይዩት፤ የፈንዲሻ ፍርፋሪ ነው የሚመስለው። እንደ ድንጋይ የጠጠረ የባሕር አልጌ ነው፣ ፀሐይ ያነጣው።

ኒስት ፖይንት በሚባለው የባሕር ዳር ገደል ላይ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የመብራት ቤት ለማየት ቁልቁል ወርዶ መመለስ ግድ ነው። ከላይ ሆነው ይዩት፣ ይበቃል። የስቶር ሽማግሌ የሚሉት 50 ሜትር የሚሆን የቆመ ድንጋይም መውጫው ጥሩ ነው፤ መውረጃው ግን ለጉልበትዎ አይሆንም።

ልጅዎ ክዊራንግን ይዙር። 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ የተንሸራተተ ተራራ ነው፤ ዛሬም ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። የእግር መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ይሄዳል፣ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚያውቅ አዲስ አይሆንም። እኔ ግን ሶሉ ባለቀ ስኒከር ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ። አናቱ ላይ ጉም ወረደብኝና መንገዱ ጠፋኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ተደግፌ፣ የያዝኳትን ጭብጦ እየገመጥኩ ጠበቅሁ። ስለዚህ ጫማው ይታይ።

ኩሊን የሚባሉትን ጥቋቁር ተራሮች ግን ያለ መሪ እንዳይሞክር። ገመድ የሚጠይቅ ጫፍ አለ፤ ድንጋዩ ደግሞ ማግኔትነት ስላለው ኮምፓስ ያሳስታል።

ሚጅ የምትባል ከትንኝ ያነሰች ነካሽም አለች። ነፋስ ከሌለ አታስቀምጥም፤ ነጠላ መከናነብም አያስጥል። ለፊት የሚሆን መረብ ልጅዎ ትግዛ።

ጠዋት ዘነበ ብላችሁ ቀኑን አትተውት። በሰኔ እዚያ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን ነው። ከምሳ በኋላ ብትነሱም ትደርሳላችሁ።