በራስፕቤሪ ፓይ ዋይፋይን ጓዳ ድረስ ማድረስ

ወንድሜ፣ ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ጓዳ ግን ዋይፋይ አይገባም፣ እጄ ላይ ያለው ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሹ ኮምፒውተር) ይፈታልኝ ይሆን ብለሃል። ይፈታልሃል፣ ግን አሠራሩ ላይ ነው ጉዳዩ። ጁገል ውስጥ ያለ የድሮ የሐረር ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ሲግናሉን እዚያው ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ፓይው በዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ እንዲያሰራጭ አታድርገው፤ በአንድ ሬዲዮ ሁለቱንም ሲሠራ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል፣ የተቀበለው ደካማ ከሆነ ደግሞ የሚሰጥህም ያው ደካማ ነው።

ኬብል ዘርጋ! የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ይሠራል፣ በበሩ ጠርዝ ካሳለፍከው ግድግዳ መብሳትም አያስፈልግህም። ከዚያ ፓይውን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ጣቢያ) አድርገህ ከኬብሉ ጋር በብሪጅ (ሁለቱን እንደ አንድ ኔትወርክ በሚያጣምር ቅንብር) አገናኘው፣ አይፒ አድራሻውን (የየመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ራውተሩ ያድል። ስሙንና ፓስወርዱን ከራውተሩ ጋር አንድ አድርገው፣ ስልክህ ራሱ ይመርጣል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ላይ ራውተሩ ቻናል 1 ከያዘ፣ እንዳይረባበሹ ፓይውን 6 ወይም 11 ላይ አድርገው።

አንቴናው ትንሽ ስለሆነ ከጓዳው ብዙም እንዲያልፍ አትጠብቅ፣ የብረት ሳጥን ውስጥም እንዳትከተው። ቻርጀሩ 5 ቮልት 3 አምፔር ይሁን፣ ካነሰ ይቆራረጥብሃል።