የጣውላ ዕቃ ቤት በጓሮዬ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ ሰባ ደረጃ አካባቢ በወላጆቼ ግቢ እኖራለሁ። ካርታው በሟች አባቴ ስም ነው። ወራሾቹ እኔና ሁለት እኅቶቼ ስንሆን አንደኛዋ የምትኖረው በውጭ አገር ነው። በጓሮው 3 በ4 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ላሠራ አስቤአለሁ፤ ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ያልተላገ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አናጢው «ሲሚንቶ ካልገባበት ፈቃድ አይጠየቅበትም» ይላል። የኋላ ጎረቤታችን ደግሞ ከአጥራቸው ጋር እንዳላያይዘው ተቃውመዋል። እርሳቸው የቀበሌ ቤት ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደሉም። ሊከሱኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ጎረቤትዎም ሊከሱዎት ይችላሉ። እንጨቱ ሳይገዛ መጠየቅዎ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ እኔ ቢሮ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚመጡት ቤቱ ቆሞ የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈበት በኋላ ነው።

የአናጢው አስተያየት በከተማችን እጅግ የተስፋፋ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን ሲተረጉም ከምን እንደተሠራ አልጠየቀም። ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካም ሆነ ለሌላ አገልግሎት የሚውል ግንባታ፣ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ፣ ሕንፃ ነው። ስለዚህ «ጣውላ ነው፣ በፈለግሁ ጊዜ ነቅዬ አነሣዋለሁ» የሚለው ክርክር አያድንዎትም። አዋጁ ፎቅ የሌላቸውንና በቋሚዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ሕንፃዎች በምድብ «ሀ» ያስቀምጣቸዋል፤ የእርስዎም እዚያው ይወድቃል። ይህ የሚያቀልልዎት የሚቀርበውን ንድፍና የባለሙያ ድርሻ እንጂ ፈቃዱን አይደለም።

ወደ ወረዳዎ ወይም ወደ ክፍለ ከተማዎ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት የፕላን ስምምነት ነው። እንደ ሰባ ደረጃ ባለ የመሐል ከተማ ሰፈር ይህን ደረጃ እንደ ተራ ወረቀት አይቁጠሩት። ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደታሰበና ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎ የሚያውቁት በዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም፣ በጉልበትዎ ወይም በገንዘብዎ በመሬቱ ላይ ለሠሩት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሙሉ መብት ይሰጥዎታል። አካባቢው ለልማት ሲፈለግና ካሳ ሲተመን ግን ያለ ፈቃድ የቆመን ክፍል የሚያስቆጥር ማስረጃ ከየት ያመጣሉ? ከአንድ ዕቃ ቤት ዋጋ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አመልካቹ ማን ይሁን ለሚለው፣ ካርታው ገና በአባትዎ ስም ስለሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ግቢው የሦስታችሁ የጋራ ንብረት ነው፤ የእኅቶችዎን ስምምነት በጽሑፍ ይያዙ። በውጭ ያለችው በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና ልትልክ ትችላለች። እርስ በርስ ብትዋደዱም ይህን አይዝለሉት። የእኅትማማችና የወንድማማች ግቢ በአንድ ክፍል የተነሣ ለሁለት ሲከፈል አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ። ባለቤት አለመሆናቸው ክሱን አያስቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1140 መሠረት አንድን ነገር በእጁ አድርጎ የሚያዝበት ሰው ባለይዞታ ነው፤ ቤቱን በኪራይ ይዘው የሚኖሩበት እርሳቸው ናቸው። ቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው በ2 ዓመት ውስጥ እንዲከስ ይፈቅድለታል። ጣውላዎ አጥራቸውን ከተደገፈ ወይም የቆርቆሮዎ ውኃ በክረምት ወደ ግቢያቸው ከወረደ ክሱ መሠረት ያገኛል። ፍርድ ቤቱም ለድርጊትዎ መብት እንዳለዎት ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ እንዲያስረዱ ይጠብቅብዎታል። በራስዎ ወሰን ውስጥ፣ በተፈቀደ ንድፍ፣ ከአጥሩ ርቀው ከሠሩ ግን ተቃውሞአቸው ብቻውን አያስቆምዎትም። ጣሪያውን ወደ ራስዎ ግቢ ያዘንብሉት፤ አሸንዳም ያድርጉለት።

ሌላው ሥጋት እሳት ነው። ቤቶቹ በተደጋገፉበት ሰፈር የደረቀ ጣውላ ቶሎ ይያያዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ቀድሞ ሊገመት የማይችል እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ለምስጥ መከላከያ ጣውላውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ያልተላገ እንጨት ገጹ ሻካራ ስለሆነ ፈሳሽ ብዙ ይጠጣል፤ ከጎረቤት አጥር አጠገብ እንዲህ ያለ ግድግዳ እንዲያቆሙ አልመክርም። ቤንዚንና የጋዝ ሲሊንደር ከዚያ ቤት ይራቁ።

ከአናጢው ጋር የሚገቡት ውል በጽሑፍ ይሁን። የእንጨቱን ዓይነት፣ ውፍረቱንና ደረቅ መሆኑን ይግለጹበት፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም «ጥፋቱ የማን ነው» የሚል ክርክር ይመጣል። ጣውላው ጽድ ወይም ዝግባ ከሆነ፣ አገር በቀል ዛፎች ጥበቃ የሚደረግላቸው በመሆናቸው፣ ከነጋዴው ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይግዙ።

የፕላን ስምምነቱ ሲወጣ ንድፉን ይዘው ጎረቤትዎን ያነጋግሩ። ከተስማማችሁ ርቀቱንና የውኃውን አወራረድ ጽፋችሁ በምስክሮች ፊት ፈርሙ። የተከራዩ ፊርማ ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል ስለማያስገድድ፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገብተው የተቀባዩን ማኅተም በራስዎ ቅጂ ላይ ያስመቱ።