ሰርቨሮችህን ከሁለት ዓይነት የሰዓት ምንጭ ጋር አታገናኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት የሊኑክስ ሰርቨር አለኝ። አንዱ ሰዓቱን ከኤንቲፒ ፑል ይወስዳል፤ ሌላኛውን ወደ ጎግል ላዞረው ነው። ሊፕ ሰከንድ ቢመጣ ችግር አለው ወይ?» ነው ያልከው። አለው! ደብረ ብርሃን ላይ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሊፕ ሰከንድ ማለት ዓለም አቀፉን ሰዓት ከምድር መሽከርከር ጋር ለማስማማት አልፎ አልፎ የምትጨመር አንድ ሰከንድ ናት፤ ኤንቲፒ ፑል ደግሞ ሰርቨሮች በኢንተርኔት ሰዓት የሚወስዱበት የጋራ የሰዓት ሰርቨሮች ስብስብ ነው።

1ኛ፦ ሁለቱንም ከአንድ ዓይነት ምንጭ ጋር አገናኝ። ወይ ሁለቱም ጎግል፣ ወይ ሁለቱም ፑል። ተጨማሪዋን ሰከንድ የሚያስተናግዱበት መንገድ ለየቅል ነው። ፑሉ ሰከንዷን እንዳለች ይሰጥሃል። ሊኑክስ ግን ቀኑን ሁልጊዜ 86,400 ሰከንድ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ለ86,401ኛዋ ቦታ ስለሌለው አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደግማል። ጎግል ደግሞ እያንዳንዱን ሰከንድ በጥቂቱ እያስረዘመ ያቺን አንድ ሰከንድ በብዙ ሰዓት ውስጥ ይበትናታል። ለየብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ያሠራሉ። ችግሩ ሲቀላቀሉ ነው።

2ኛ፦ የሰዓት ሎግ፣ ማለትም የሰዓቱን ልዩነት እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፋይል ክፈት። የኔን እንጀራ ያተረፈው ሎግ ስለሆነ ታሪኩን ልንገርህ።

ታኅሣሥ 2009 ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። የመጋዘን ሲስተሙ ሁለት ሰርቨር አለው። አንደኛው የገባውን ዕቃ ይመዘግባል፣ ሌላኛው ወዲያው «ተረጋግጧል» ብሎ ይጽፋል። በመካከላቸው ሩብ ሰከንድ ያህል ነው ያለው። ጎግል የሰዓት አገልግሎቱን ለሕዝብ የከፈተው በዚያው ኅዳር ነበር። ዜናውን ሳይ ደስ አለኝና ሁለተኛውን ሰርቨር ወደዚያ አዞርኩት። ማንንም አላማከርኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሊፕ ሰከንዷ የገባችው በእኛ አቆጣጠር እሑድ ታኅሣሥ 23፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ60 ሰከንድ ላይ ነው። ጎግል ግን ከቅዳሜ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ቀን 7 ሰዓት፣ 20 ሰዓት ሙሉ ሰዓቱን ሲያዘገይ ነበር። ሁለተኛው ሰርቨሬ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ቀረ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሩብ ሰከንድ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲቃረብ ግማሽ ሰከንድ። «ተረጋግጧል» የሚለው ከገቢው በፊት የተጻፈ መሰለ። ሲስተሙም ያልገባ ዕቃ አይረጋገጥም ብሎ መዝገቡን ጣለው። ከማታው 4 እስከ ሌሊቱ 9 የገባው ዕቃ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ከ9 በኋላ ያለው ደህና ነው፤ ፑሉን የሚከተለው ሰርቨር አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ስለተመለሰ የጎግሉ ቀዳሚ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ የመጋዘን ኃላፊው የደረሰኝ ጥራዙን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰዓቶቹን አየሁ። አንድ ሆነዋል። ምን ብዬ ላስረዳ? «ዳታውን አጥፍተሃል» ተባልኩ፤ ከደመወዜ ሊቆረጥ ተወሰነ።

ሲስተሙን የሸጠልን ድርጅት አዲስ አበባ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ሰዓቱን በእጅህ ሙላና ሪስታርት አድርገው» አለኝ። ያ የ2004ቱ መድኃኒት ነው። ሰኔ 24 ቀን 2004 ሊፕ ሰከንድ ሲገባ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ስህተት ነበረበት፤ ጃቫና ማይኤስኪውኤል የሚያሠሩ ሰርቨሮች ሲፒዩ ጣራ ነካ፣ ሬዲት የሚባለው ትልቅ ድረ ገጽ ሳይቀር ወደቀ። ያኔ ሰዓቱን መልሶ መሙላት ይፈውስ ነበር። የኔ በሽታ ሌላ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «በአንድ ሰከንድ ሰው ታደክማለህ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያዳነኝ ክሮኒ፣ የሰርቨሩን ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ላይ የመጀመሪያውን በ«ኖሴሌክት» አስገብቼው ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰዓቱን አይከተለውም፣ ልዩነቱን ብቻ ይለካል። የመለኪያ ሎጉንም ከፍቼው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ቁጥሮቹን በግራፍ አተምኳቸው። መስመሩ ከቅዳሜ 11 ሰዓት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሌሊት 9 ላይ ወደ ሌላኛው ጎን ይዘላል፣ እሑድ 7 ሰዓት ዜሮ ላይ ያርፋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ቅጣቱ ቀረ። የጠፋውን ገቢ ከደረሰኙ እያየን በእጅ መለስነው፤ ሦስት ሌሊት ፈጀ።

3ኛ፦ ባክአፕህን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አታድርግ። የእኛ 9 ሰዓት ማለት የዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰከንዷ የምትገባው እዚያ ጋ ነው።

4ኛ፦ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ካለህ፣ የቆይታ ጊዜን ኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት በሚያሳይበት ሰዓት እንዳይለካ ንገረው። ወደ ኋላ የማይመለሰውን ሞኖቶኒክ ሰዓት ይጠቀም። በዚያችው የታኅሣሥ 2009 ሌሊት ክላውድፍሌር የሚባለው የኢንተርኔት ድርጅት የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ችግር የገጠመው የጊዜ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ስለወጣበት ነው።

አለቃህ «ሊፕ ሰከንድ ከ2009 ወዲህ መጥቶ አያውቅም» ይሉሃል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ ገብቷል፤ የመጨረሻው ያ ነው። ኅዳር 2015 ቬርሳይ ላይ የተሰበሰቡት አገሮችም በዓለም አቀፉ ሰዓትና በምድር መሽከርከር መካከል የሚፈቀደው የልዩነት ገደብ እ.ኤ.አ. እስከ 2035 እንዲሰፋ ወስነዋል። እስከዚያ ግን አይመጣም ያለ የለም፤ ሰከንዷ ትገባ እንደሆነ የሚገልጸው ማስታወቂያ አሁንም ከፓሪስ በዓመት ሁለቴ ይወጣል።

የክሮኒ ፋይልህን እዚሁ ለጥፍልኝ። የውስጥ አድራሻዎቹን አጥፋቸው። ዛሬ ማታ አየዋለሁ።