ስለ ራግቢ ሊጉ አርተር ቢትሰን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አውስትራሊያዊው ተጫዋችና አሠልጣኝ አርተር ቢትሰን የምትጠይቁትን ሁሉ በምችለው መጠን እመልሳለሁ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየውን ጨርሶ አላውቀውም። ጨዋታውንም እንዲሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጨዋታው እንጀምር። በራግቢ ሊግ አንድ ቡድን 13 ተጫዋቾች ያሰልፋል፤ ስድስቱ ፎርዋርድ ይባላሉ። ኳስ ይዘው በተከላካዮች መሐል እየገፉ ሜዳ የሚያስለቅቁት እነዚህ ግዙፎች ናቸው። በዛሬው ሕግ ቡድኑ ስድስት ጊዜ ተይዞ ከወደቀ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ቢትሰን በ1945 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት፣ ሮማ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለደ፤ የአቦርጂኒ፣ ማለትም የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች፣ ተወላጅ ነው። ብሪስቤን አጠገብ ካለችው ሬድክሊፍ ጋር በ1965 ዋንጫ አነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት ሲድኒ ሄዶ ለባልሜን ክለብ ፈረመ፣ በዚያው ዓመትም የአገሩን ማልያ ለበሰ።

ጥያቄ፦ ግዙፍ ሰው ሞልቷል። እሱን ምን ለየው?

መልስ፦ እጁ ነዋ! ሌላው ፎርዋርድ ሲያዝ ኳሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይወድቃል፤ ሥራውም እዚያ ላይ ያበቃል። የቢትሰን ሥራ ግን የሚጀምረው ከተያዘ በኋላ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ወገቡንና እግሩን ሲጠመጥመው አንድ ክንዱን ከላይ ነጻ ያደርጋል፣ ኳሱን በመዳፉ ይዞ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ መሬት ከመንካቱ በፊት እየሮጠ ለሚመጣ ጓደኛው ያቀብላል። ሦስት ተከላካዮች እሱን ሲይዙ ከጎናቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ኳሱም የሚሄደው እዚያው ክፍተት ውስጥ ነው። ዝቅ ብለው ቢይዙት እጁ ያመልጣል፤ ከፍ ብለው ቢይዙት በጉልበቱ ይጥሳቸዋል። ብዙዎች ስለ ክብደቱ ያወራሉ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የጨዋታ አእምሮ ያለው ፎርዋርድ ነበር።

ጥያቄ፦ ባልሜን በ1969 ዋንጫ ሲያነሣ ለምን አልተሰለፈም?

መልስ፦ ከፍጻሜው በፊት በነበረው ጨዋታ ከሜዳ ተባርሮ ስለታገደ ነው። ጓደኞቹ ሳውዝ ሲድኒን 11 ለ 2 ሲረቱ እሱ ተመልካች ነበር። ያን ጊዜ ግልፍተኛና ሰነፍ የሚል ስም ተለጥፎበት ነበር። በ1971 ወደ ሌላው የሲድኒ ክለብ ኢስተርን ሰበርብስ ተዛወረ፤ በ1974 አሠልጣኙ ጃክ ጊብሰን ወደ ክለቡ ሲመለስ ደግሞ ሁሉ ነገር ተለወጠ። በቢትሰን አምበልነት ሁለት ተከታታይ ዋንጫ መጣ፤ የ1975ቱ ፍጻሜ ሴንት ጆርጅ ላይ 38 ለ 0 የተጠናቀቀበት ነው። አንዱን ሰው ተማምነው ኃላፊነት ሲሰጡት ምን እንደሚያወጣ እዚህ ላይ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቡድን በመምራት የመጀመሪያው አቦርጂኒ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በየትኛውም ስፖርት። ክብደቱ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አቦርጂኒዎች በሕዝብ ቆጠራ እንዳይካተቱ የሚያደርገው የሕገ መንግሥት አንቀጽ የተሻረው በ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ቢትሰን ለአገሩ መጫወት የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር። በ1977 ደግሞ አምበል ሆኖ አውስትራሊያ የዓለም ዋንጫን ብሪታንያን 13 ለ 12 አሸንፋ ወሰደች።

ጥያቄ፦ የምኖረው ብሪስቤን ነው፤ ስታዲየሙ ጋ ሐውልቱን አይቻለሁ። ዕድሜውን ሲድኒ የተጫወተ ሰው እዚህ ሐውልት የቆመለት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የምወደው ጥያቄ ነው። የኩዊንስላንድና ሲድኒ የምትገኝበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ግጥሚያ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ተጫዋች የሚመረጠው በሚጫወትበት ክለብ ነበር። ገንዘቡ ያለው የሲድኒ ክለቦች ዘንድ ስለሆነ የኩዊንስላንድ ምርጥ ልጆች እዚያ ሄደው በገዛ አገራቸው ልጆች ላይ ይሰለፉ ነበር፤ ቢትሰንም እንዲሁ። ኩዊንስላንድ ዓመት ዓመት እየተሸነፈ ተመልካቹ ተሰላቸ። በ1980 ሁለቱ ጨዋታዎች ከተሸነፉ በኋላ በሦስተኛው ለሙከራ ተጫዋቹ መጀመሪያ በተጫወተበት ግዛት እንዲመረጥ ተወሰነ። ብዙ ሰው ቀልድ ነው ብሎት ነበር። አምበል የተደረገው ቢትሰን 35 ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ በሚጫወትበት የሲድኒ ክለብ ፓራማታም በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ በብሪስቤኑ ስታዲየም ላንግ ፓርክ ውስጥ፣ ቢትሰን ቀዩን ማልያ ለብሶ ሲገባ ሕዝቡ ጮኸ። የአንድ ክለብ ልጆች ከልባቸው ይጋጠማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሉም አፍ ላይ ነበር። ቢትሰን የፓራማታ ባልደረባውን ሚክ ክሮኒንን በኃይል ሲገጥመው መልሱ ታወቀ። ኩዊንስላንድ 20 ለ 10 አሸነፈ። በዚያ ቀን 20 ዓመት የሞላው ማል ሜኒንጋ በእግሩ ሰባት ጊዜ መትቶ ሰባቱንም አስቆጠረ። በዚህ መንገድ የተጀመረው የሁለቱ ግዛቶች ግጥሚያ፣ ስቴት ኦፍ ኦሪጅን፣ ዛሬ የአውስትራሊያ ትልቁ የስፖርት ፉክክር ከሚባሉት አንዱ ነው። ያ ምሽት ቢከሽፍ ኖሮ ሙከራው በዚያው ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በአሠልጣኝነቱስ?

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር እኩል አይደለም። በክለብ ደረጃ ኢስተርን ሰበርብስንና በኋላም ክሮኑላን ቢያሠለጥንም የሊጉን ዋንጫ አላገኘም። ከኩዊንስላንድ ጋር ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ከ1981 እስከ 1984 በአሠልጣኝነቱ ዘመን ቡድኑ በስቴት ኦፍ ኦሪጅን በዓመቱ አጠቃላይ ውጤት ተሸንፎ አያውቅም፣ በ1982፣ 1983 እና 1984 የሦስት ጨዋታ ተከታታይ ግጥሚያዎችን በሙሉ 2 ለ 1 ወሰደ። በ1989 ተመልሶ 3 ለ 0 አሸነፈ፤ በ1990 ተሸንፎ ለቀቀ። እኔ እንደማየው፣ በየሳምንቱ ከሚደጋገም የክለብ ሥራ ይልቅ ለጥቂት ታላላቅ ጨዋታዎች የሰውን ልብ ማሰናዳት ይችልበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ለሲድኒ ሩስተርስ (የቀድሞው ኢስተርን ሰበርብስ) ወጣት ተጫዋቾችን መልማይ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠራ።

ጥያቄ፦ ብዙ ይበላ ነበር እየተባለ የሚወራውስ?

መልስ፦ ምግብ ይወድ ነበር። ይኸው ነው፤ ወሬው ከጨዋታው በላይ መነገሩ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ክብር አግኝቷል?

መልስ፦ በ2003 «የማይሞቱት» ከሚባሉት የራግቢ ሊግ ታላላቅ ተጫዋቾች ተርታ ሰባተኛው ሆኖ ተመዘገበ። በ2011 በጎልድ ኮስት ብስክሌት እየነዳ ሳለ በልብ ሕመም አረፈ፤ 66 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ብመለከት የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የ1980ውን። ግን ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሲሄድ አብረው አይሂዱ። ቢትሰን ሲያዝ ነጻ የቀረችውን እጁን፣ ከዚያም በግራና በቀኙ ወደ እሱ ተጠግተው የሚሮጡትን ጓደኞቹን ይመልከቱ፤ ኳሱ እንደሚመጣላቸው አስቀድመው ያውቃሉ።