መልስ፦ ጊትኢግኖር ውስጥ የጻፍኩት ፋይል ለምን አሁንም ኮሚት ይደረጋል?
ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ ጊትኢግኖር ደግሞ «እነዚህን ፋይሎች አትመዝግብ» የምንልበት ዝርዝር ሲሆን የሚሠራው ጊት ገና በማያውቃቸው ፋይሎች ላይ ብቻ ነው። የጠየቅክበት የኤንቭ ፋይል (የአፑ ቅንብሮች የሚጻፉበት) አንዴ ኮሚት ስለተደረገ፣ ማለትም በጊት ስለተመዘገበ፣ ስሙን ዛሬ ብትጽፈውም ጊት መከታተሉን አይተውም። መጀመሪያ ከጊት መዝገብ አውጣው፦

1. ፋይሉን ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።
2. ተርሚናል ላይ የጊትን «አርኤም» ትዕዛዝ «ካሽድ» ከሚለው አማራጭ ጋር ጻፍና የፋይሉን ስም አስከትል። «ካሽድ»ን እንዳትረሳ፣ ያለ እሱ ፋይሉ ከኮምፒውተርህም ይጠፋል።
3. ከጊትኢግኖሩ ጋር አብረህ ኮሚት አድርግና ፑሽ አድርግ፣ ማለትም ወደ ቡድኑ የጋራ ማከማቻ (ሪፖ) ላክ።

ፋይሉ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስወርድ አለበት ብለሃል። ዛሬውኑ ቀይረው። በድሮዎቹ ኮሚቶች ውስጥ እንዳለ ስለሚቀር ሪፖው የሚከፈትለት ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ ይችላል።

ደግሞ ፑሽ ከማድረግህ በፊት ለቡድንህ ንገራቸው። እኔ አርብ ማታ ዝም ብዬ ፑሽ አደረግኩና ሰኞ ጠዋት የቡድኑ ልጆች ፑል ሲያደርጉ (አዲሱን ለውጥ ሲያወርዱ) ፋይሉ ከየላፕቶፓቸው ጠፋ፤ ጊት ለእነሱ የሚያደርሰው «ፋይሉ ተሰርዟል» የሚለውን ለውጥ ነዋ። አፑ ከዳታቤዝ ጋር አልገናኝ ሲል ግማሽ ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስንፈትሽ ዋልን። መጀመሪያ ሁሉም የራሱን ኮፒ ያስቀምጥ።

ከዚያ በኋላ «ኤንቭ ኤግዛምፕል» የሚባል ፋይል ሥራና በኤንቭ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን የቫሪያብሎች ስም ብቻ አስገባ፣ ዋጋቸውን ባዶ ተወው። እሱን ኮሚት ብታደርገው ችግር የለውም፤ አዲስ የሚገባ ሰውም ምን መሙላት እንዳለበት ከዚያ ያያል።